ያልተጠራችው አያት

ካሮላይን ሃርትዌል ሳሎኗ መሀል ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን አስቀምጣ ሁለቱንም በነጭ ሪባን አስጊጣቸዋለች። አንደኛው የራሷ፣ የሚወለደው ልጅ የአባት እናት ወንበር ነው። ሁለተኛው የእናት እናት ነው። እሱ ባዶውን ነው።

«ምናልባት ሻል ካላት ብዬ ነው» አለች የሪባኑን ቋጠሮ እያስተካከለች። «የወገብ ነገር አይታወቅም፤ አንድ ቀን ይብሳል፣ አንድ ቀን ይተዋል። ድንገት ብትመጣ ቦታ ያጣች እንዳይመስላት።»

ምራቷ ዴላኒ ሆዷን በእጇ ደግፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ዛሬ ከመውለዷ በፊት ሴቶች ስጦታ ይዘው የሚሰበሰቡላት የቤቢ ሻወር ድግስ ስለሆነ «እናት ልትሆን ነው» የሚል ሰፊ የሐር ጥብጣብ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ አጥልቀውላታል።

«የምትመጣ አይመስለኝም» አለች። «ዛሬም ከአልጋዋ አልተነሳችም።»

ውሸቱ እንደ ሁልጊዜው ያለ ችግር ወጣላት። የሚከብዳት ከወጣ በኋላ ያለው ነበር፤ የአማቷ ፊት በሐዘኔታ ሲለሰልስ ማየት። ካሮላይን ጉንጯን ሳመቻትና «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ፎቶ አንስተን እንልክላታለን» አለቻት።

ዴላኒ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከኮረብታው በታች የኦሃዮ ወንዝ ይታያል፤ ከወንዙ ማዶ የዌስት ቨርጂኒያ ጫካ። የእናቷ ቤት እዚያ ዛፎች ውስጥ ነው። እናቷ ሮንዳ አልታመመችም። በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ወገቤን ብላ አታውቅም።

እንግዶቹ መግባት ጀመሩ። የካሮላይን እህት አክስት ፓም በር ላይ ቆማ ለእያንዳንዷ ሴት ሁለት ሁለት የልብስ መቆንጠጫ አንገትጌዋ ላይ ትሰካለች። «ሕፃን» የሚለውን ቃል የጠራች አንድ መቆንጠጫ ትነጠቃለች፤ ብዙ የሰበሰበች ሽልማት አላት። ፓም ራሷ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ተነጠቀች።

«ኧረ ይሄ ጨዋታ ለኔ አይሆንም! ሕፃኑን ሳልጠራ ስለምን ላወራ ነው የመጣሁት?» ስትል ደግሞ ሌላ ተነጠቀች፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ቀጥሎ የሶፍት ጨዋታ መጣ። ሴቶቹ የዴላኒን ሆድ በዓይናቸው እየለኩ ይዞረዋል ያሉትን ያህል ሶፍት ቆረጡ። ፓም የቆረጠችው የዴላኒን ሆድ ዞሮ ዞሮ ወለሉ ላይ ተረፈ። «እኔ እኮ የለካሁት በራሴ ሆድ ነው» አለች። ዴላኒም ሳቀች። ደስ ብሏት ነበር ማለት ይቻላል፤ አንዲት ጎረቤት ጠጋ ብላ «እናትሽስ? ያቺ ወንበር የእሷ አይደለችም?» እስክትላት ድረስ።

«አሟታል» አለች ዴላኒ።

«ውይ! የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ሆኖ? አንጀቷ እንዴት ያርር ይሆን።»

ዴላኒ ብርጭቆዋን አንስታ የሎሚ ጭማቂ ልትቀዳ ሄደች።

* * *

ዴላኒ ያደገችው ከወንዙ ማዶ፣ ድሃ ሰው በሚኖርበት ተጎታች ቤት ውስጥ ነው። አባቷ ገና ሳትወለድ ጥሏቸው ሄዷል። እናቷ ሮንዳ በአንድ ትልቅ ሱቅ የኬክ ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ዶናት ትጠብሳለች፣ ከዚያ ሌላው ሰው ልደቱንና ሠርጉን የሚያደምቅበትን ኬክ ታስጌጣለች። ሳቂታ ናት። ስትስቅ ድምጿ ግድግዳ ያልፋል። የፊት ጥርሶቿ ግን ከወለቁ ቆይተዋል። ልጇ የጥርስ ንጽሕና ተምራ በሙያው ተመርቃ ሳለ እንኳ ሮንዳ የሐኪም ወንበር ላይ መቀመጥ እንደ ሞት ትፈራለች። «መርፌውን ሳየው ነፍሴ በእግሬ ትወጣለች፤ ተይኝ፣ ሾርባ ጥርስ አይጠይቅም» ትላለች።

ዴላኒ ሥራ ያገኘችው ከወንዙ በዚህኛው በኩል፣ በዶክተር ሃርትዌል የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ግራንት የዶክተሩ ልጅ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል። አንድ ቀን አባቱን ምሳ ሊጋብዝ መጥቶ ዴላኒን ጋበዘ። ከዚያ በኋላ የአባቱን ምሳ ሁሉም ረሳው።

ታዲያ አንድ እሑድ፣ ገና ሳይጋቡ፣ ቤተሰቡ ምሳ ላይ ተሰብስቦ ሳለ፣ የክሊኒኩን ሒሳብ የምትይዘው ካሮላይን እንዲህ ስትል ቀለደች፤ «ድልድዩን ተሻግሮ ከማዶ የሚመጣውን በሽተኛ ግማሽ ዋጋ ማስከፈል አለብን። ግማሽ ጥርስ ነው ይዞ የሚመጣው!»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ግራንትም ሳቀ። ካሮላይን ወዲያው የዴላኒን ክንድ ያዝ አድርጋ «አንቺን ማለቴ አይደለም እኮ የኔ ቆንጆ! አንቺማ የኛ ነሽ» አለቻት።

ዴላኒም ሳቀች።

ማታ መኪናዋ ውስጥ ሆና ስታስበው ያንገበገባት የካሮላይን ቀልድ አልነበረም። የገዛ ሳቋ ነበር። የሳቀችው በማን አፍ ላይ እንደሆነ ታውቃለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱን ቤተሰብ ላለማገናኘት ያልፈጠረችው ሰበብ የለም። ለሃርትዌሎች «እናቴ ወገቧን ስለታመመች ሥራም አቁማለች፣ ከቤት አትወጣም» አለች። ለእናቷ ደግሞ «እነሱ ሰው አያበዙም፣ ዝምተኞች ናቸው» አለች። ከግራንት ጋር በከተማው ፍርድ ቤት ሲጋቡ ለእናቷ የነገረቻት ከተፈራረሙ በኋላ ነው። ሮንዳ ግራንትን ያየችው ሁለት ጊዜ፣ ያውም በራሷ ቤት፣ ልጇ ይዛው ስትመጣ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ዴላኒ አስቀድማ ደውላ፣

«እማ፣ ብዙ አትሳቂ እሺ?» ብላታለች።

ሮንዳ «እሺ ልጄ» ነው ያለቻት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ዴላኒ እስከ ዛሬ ያንን «እሺ» ስታስታውስ ጆሮዋ ይግላል።

* * *

ኬኩን ያዘዘችው ፓም ነበረች። አምጪው ሲባል ግን «እኔ ከዚህ ንቅንቅ ብል ጨዋታው ይበላሻል» ብላ፣ ምድር ቤት ከአባቱ ጋር ኳስ የሚያየውን ግራንትን ላከችው።

ግራንት ሱቁ ገብቶ ወደ ኬክ ክፍሉ ሄደና ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ «ለሃርትዌል የታዘዘ ኬክ ልወስድ ነበር» አለ። መልስ ሲያጣ ቀና አለ። ከመስታወቱ ጀርባ ነጭ ሽርጥ የታጠቀች፣ ክንዷ ድረስ ዱቄት የነካት ሴት ቆማ ታየዋለች።

«ወይዘሮ ሮንዳ?»

«ውይ፣ ግራንት!» እጇን ወደ አፏ አስጠጋች። «አንተ ትመጣለህ ብዬ አላሰብኩም። ያዘዘችው ሴትዮ ናት የምትመጣው ብዬ…»

«እዚህ ምን ያደርጋሉ? ሥራ አቁመው አልነበር እንዴ? ወገብዎስ?»

«ወገቤ?»

ሮንዳ ግር ያላት ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። ከዚያ ግራንት ነገሩ ሲገባት ፊቷ ላይ አየው። ዓይኖቿ ወረድ አሉ፤ እጆቿ ሽርጡን ጨበጡ።

«አዎ፣ ወገቤ» አለች ቶሎ ብላ። «ክፉኛ ነበር ያመመኝ። አሁን ትንሽ ለቀቀኝ። እዚህኛው ቅርንጫፍ ሰው አንሷቸው ለጊዜው እርጂን ብለውኝ ነው እንጂ…» ይህን እያለች አንድ ሰው ብቻውን በግድ የሚያነሳውን ባለ ሁለት ድርብ ኬክ ከነሣጥኑ ብድግ አድርጋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችለት።

ግራንት ኬኩን አላየም። «ከተሻለዎት ታዲያ ለምን አልመጡም? እናቴ እኮ ወንበር አስቀምጣልዎታለች።»

«ወንበር?» አለች ሮንዳ። «ለኔ?»

«ከእሷ ጎን። በሪባን አስጊጣ።» ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ «ዴላኒ ዛሬ መሆኑን አልነገረችዎትም?» አላት።

«ነግራኛለች! ነግራኛለች እንጂ። እኔ ነኝ ዛሬ ሥራ አለብኝ፣ አይመቸኝም ያልኳት።»

አሁን አሞኝ ነበር አለች፤ አሁን ደግሞ አልተመቸኝም። ግራንት ውሎው ከተማሪ ጋር ነው፤ የቤት ሥራውን ውሻ እንደበላበት የሚነግረውን ሁሉ ሰምቷል። እንዲህ ለሌላ ሰው ብሎ የሚዋሽ ሰው ግን አይቶ አያውቅም።

«ወይዘሮ ሮንዳ» አለ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ቤትዎ ስመጣ የማያናግሩኝ ስለማይወዱኝ ነው?»

«እኔ?» ሴትዮዋ ደነገጠች። «ኧረ በሞትኩት! አንተን ልጠላ? ልጄን እንደዚያ ስታያት እያየሁ? ብዙ አትሳቂ ስለተባልኩ እኮ ነው። እኔ ደግሞ ሳልስቅ ማውራት አላውቅበትም፤ ዝም አልኩ።»

ቃሉ ካመለጣት በኋላ ከንፈሯን ነከሰች። ግን ወጥቷል። በመካከላቸው፣ ከኬኩ ሣጥን በላይ፣ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ይምጡ፣ አብረን እንሂድ» አለ ግራንት። «አሁኑኑ።»

«አይሆንም ልጄ። ካልተጠራሁ አልሄድም። አንተ ብትጠራኝም እሷ አልጠራችኝም።» ሣጥኑን ወደሱ ገፋ አደረገችው። «ከሥሩ ያዘው። ዳገቱ ላይ ፍሬን በድንገት እንዳትይዝ፣ ላይኛው ይንሸራተታል። ግራንት…» ሊሄድ ሲል ጠራችው። «እንዳትቆጣት። በዚህ ሰዓት ማልቀስ ጥሩ አይደለም።»

ግራንት መኪናው ውስጥ ገብቶ ኬኩን ጎኑ ካስቀመጠ በኋላ ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ። የሚወዳትን ሴት የማያውቃት ሆኖ ተሰማው፤ ያ ደግሞ ከቁጣ የባሰ ነበር።

* * *

ሣጥኑ ሲከፈት ሴቶቹ ሁሉ «ኡይይ!» አሉ። በኬኩ ዙሪያ በቀጭን ቸኮሌት ገመድ ላይ ትንንሽ የክሬም ልብሶች ተሰቅለዋል፤ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ጣት የምታክል ሹራብ። ሹራቧ ቁልፍ እንኳ አላት።

ዴላኒ ግን ያየችው ልብሱን አይደለም። ላይኛው ላይ በክሬም የተጻፈውን ስሟን ነው። የስሟ የመጨረሻ ፊደል፣ የ‹ዋይ› ጭራ ወደ ታች ወርዶ ተጠቅልሏል። በልጅነቷ የልደት ኬኮች ሁሉ ላይ ስሟ እንዲህ ነበር የሚጻፈው። የእናቷ እጅ ጽሑፍ ነበር።

«የሠራችው ሴትዮ ደግሞ እንዴት ያለች ጨዋ መሰለቻችሁ!» አለች ፓም ቢላ እየፈለገች። «በስልክ ሳዝዛት የዴላኒ ስም ስለሚያስቸግር ፊደሉን ልቁጠርልሽ አልኳት። ‹ግዴለም፣ አውቀዋለሁ› አለችኝ። ከዚያ ዝም! የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ ስል፣ ‹አለሁ፣ እየጻፍኩት ነው› አለች።»

ዴላኒ ቀና ስትል ግራንት በጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ያያታል። በዚያ ዓይን ሺህ ጊዜ ታይታለች፤ ሁልጊዜ ከሕዝብ መሀል እሷን ብቻ የሚፈልግ ዓይን ነበር። ዛሬም የሚያየው እሷን ብቻ ነው። ቢቆጣ ትችለው ነበር። እሱ ግን ያዘነ ይመስላል።

ሳይነጋገሩ ተከታትለው ወጥ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገቡ። ግራንት በሩን ዘጋ።

«እናትሽ ደህና ናት» አለ። «ከኔ የበለጠ ሸክም ታነሳለች።»

«አውቃለሁ።»

«ፊቴ ቆማ ዋሸችልሽ። እንዳወቅኩባት እያወቀች። እንደዚያ ውሸቷ ሲጋለጥ እንኳ ‹እሷ ነግራኛለች፣ እኔ ነኝ የቀረሁት› አለችልሽ።» ወደ እሷ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ዴላኒ፣ እኔ እኮ እናትሽ የማትወደኝ መስሎኝ ነበር። ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ! ‹እናትሽ ምን አድርጌያት ነው?› ስልሽ ዝም ብለሽ ራሴን ትደባብሺኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን መናገር አቃተሽ?»

«አፈርኩ» አለች።

«በምን?»

«በእናቴ!» ቃሉ ሲወጣ እንደ ጩኸት ሆነ፤ ወዲያው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በጥርሷ። በሳቋ። በዚያች ቤታችን። እናንተ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣ አፏን ስትከፍት ሁላችሁም ስታዩ ታየኝ። አልቻልኩም ግራንት።»

«እኛን ምን ዓይነት ሰዎች አድርገሽ ነው ያየሽን?»

«እንደሆናችሁት!» ዓይኖቿ ሞሉ። «ግማሽ ዋጋ፣ ግማሽ ጥርስ። ረሳኸው? እዚሁ ቤት፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ።»

ያ እሑድ ቀስ እያለ ለግራንት ትዝ አለው። ሥጋው፣ ድንቹ፣ የእናቱ ሳቅ።

«እኔም ስቄያለሁ አይደል?» አለ።

«አዎ። እኔም ስቄያለሁ። እኔ እኮ ነኝ ከሁላችሁ የባስኩት፤ እናንተ የማን እናት እንደሆነች አታውቁም ነበር።»

ግራንት ግድግዳውን ተደገፈ። ሊወቅሳት ገብቶ የሚወቅስበት አፍ አጣ። ሁለት የተፋቀሩ ሰዎች በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የታጠፈ ልብስ መሀል፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ተሳናቸው። ቆይቶ እጁ እጇን ፈልጎ አገኘ።

* * *

ዴላኒ ወደ ሳሎን ስትመለስ ስጦታው ከባዶው ወንበር አጠገብ ተከምሮ፣ ሴቶቹ በግማሽ ክብ ተቀምጠው ይጠብቋታል። ካሮላይን «ነይ እንጂ፣ የማንን ስጦታ መጀመሪያ እንደምትከፍቺ ልንጣላ ነው» አለች።

ዴላኒ አልተቀመጠችም።

«አንድ ነገር ልናገር» አለች። የባዶውን ወንበር መደገፊያ ያዘች። «ይህን ኬክ የሠራችው እናቴ ናት። ስሟ ሮንዳ ነው። አልታመመችም፤ ታማም አታውቅም። እዚህ ታች ሱቁ ውስጥ ናት። ዛሬ ያልመጣችው ስላልጠራኋት ነው። የራሴን ቤቢ ሻወር ከኬክ ትእዛዝ ላይ ነው የሰማችው።»

ፓም ቢላዋን እንደያዘች ቀረች።

«ግን ለምን የኔ ቆንጆ?» አለች ካሮላይን። በእውነት ግራ ገብቷታል። «እኔ ስንት ጊዜ ጥሪያት አልኩሽ?»

«ጥርስ የላትም» አለች ዴላኒ። እንባዋ እየወረደ ነው፤ አልጠረገችውም። «የፊት ጥርስ የላትም። እርስዎ ደግሞ አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለ ግማሽ ዋጋ ቀለዱ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ላመጣት አልቻልኩም። ጥፋቱን በእርስዎ ላይ ለመጣል አይደለም የምናገረው። እርስዎ የቀለዱት በማያውቁት ሰው ነው። እኔ የሳቅኩት ባሳደገችኝ ሰው ነው።»

ካሮላይን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላ። አንድ ነገር ልትል ሞከረች፤ «እኔ እኮ… ያ እኮ…» ብላ ቆመች። ቀልዱ ትዝ እንዳላት ሁሉም አየ። ከተቀመጡት ሴቶች ግማሾቹ ያንኑ ቀልድ ከእሷ አፍ ሰምተው ስቀውበታል፤ እነሱም ወደ ምንጣፉ አቀረቀሩ።

«እኔ ወደሷ መሄዴ ነው» አለች ዴላኒ። «ኬኩን ቁረጡት። እሷ የሠራችው እንዲበላ ነው።»

ካሮላይን እስከ በሩ ድረስ ተከተለቻት። እዚያ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳጠፋ ልጅ፣ «እኔስ ልምጣ?» ብላ ጠየቀች።

«ዛሬ አይምጡ» አለቻት ዴላኒ። ይህን ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ አማቷን አልፈራቻትም፤ አዘነችላት እንጂ።

* * *

ሮንዳ ከመስታወቱ ጀርባ ለሌላ ሰው የልደት ኬክ ላይ የክሬም ጽጌረዳ እየጨመቀች ነበር። ልጇን ከነጥብጣቧ ስታያት የክሬም መጭመቂያውን አስቀመጠችና ወዲያው አብሯት ወደ መጣው ግራንት ዞረች።

«እንዳትቆጣት አላልኩህም?»

«አልተቆጣም እማ» አለች ዴላኒ። «እኔ ነኝ የመጣሁት። ነግሬያቸዋለሁ። ሁሉንም፣ ሁሉም ፊት።»

«ምኑን?»

«እንዳልጠራሁሽ። እንዳፈርኩ። ይቅር በይኝ። ነይ፣ እንሂድ፤ ወንበርሽ ባዶውን ነው።»

ሮንዳ መጭመቂያውን መልሳ አነሳች።

«አልሄድም።»

«እማ…»

«አልሄድም አልኩሽ። በዚህ ሽርጥ፣ በዚህ ፀጉር፣ አንቺ አልቅሰሽ ስላሳዘንሻቸው እየተመራሁ ገብቼ ሴቶቹ ሁሉ አፌን እንዲያዩ ነው? ዛሬ የምትወስጂኝ አፍረሽ ስለሆነ ነው። ትናንት የተውሽኝም አፍረሽ ነው። እኔ መቼ ነው ታዲያ እናትሽ ስለሆንኩ ብቻ የምጠራው?»

ግራንት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች ሮንዳ፣ ጽጌረዳዋ ላይ እንዳቀረቀረች። «እኔ በጥርሴ አፍሬ አላውቅም ነበር። ሐኪም እፈራለሁ፣ አለቀ። ሰው ቢያይ አየ። ‹ብዙ አትሳቂ› ያልሽኝ ቀን ነው መስታወት ፊት ቆሜ ያየሁት። ማፈርን ከአንቺ ነው የተማርኩት።»

ዴላኒ መደርደሪያውን በሁለት እጇ ያዘች። ከአማቷ ቤት ሴቶች ሁሉ ፊት የተናገረችው፣ በዚህ አንድ አረፍተ ነገር ፊት ቀላል ሆነባት። «ይቅር በይኝ» አለች እንደገና።

«ይቅር ማለቱን አቆዪልኝ። አሁን ተናድጃለሁ፤ ስናደድ ደግሞ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የሰው ኬክ አበላሻለሁ።» አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። ጉንጯ ላይ ክሬም ቀረ። «ይልቅ ስሙኝ። ከመጀመሪያም ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ልደግስልሽ አስቤ ነበር። ‹ዘንድሮ ሰው ይህን ነገር ትቶታል› ብለሽ አስቀረሽኝ። አሁን እሑድ እደግሳለሁ። ደጋሿ እኔ ነኝ። እንግዶቹ እናንተ ናችሁ።»

«እናቴስ?» አለ ግራንት ፈራ ተባ እያለ።

«እናትህም ትጠራ። የድንች ሰላጣ ይዛ ትምጣ፤ ሰናፍጭ እንዳታበዛ ንገራት።» ከዚያ ሊወጣ ያለውን ፈገግታ መልሳ ዋጠችው። ለመሳቅ ገና ነበር። «በሉ ሂዱ። ሰው ጥላችሁ ነው የመጣችሁት።»

«ልጠብቅሽ» አለች ዴላኒ። «እስክትጨርሺ።»

«እስኪመሽ ነው የምጨርሰው።»

«እስኪመሽ እጠብቃለሁ።»

ሮንዳ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ዴላኒ ከገበያ ጋሪዎቹ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ግራንት ውኃ ሊገዛላት ሄደ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጥብጣቧንና ያበጡ ዓይኖቿን እያየ ያልፋል። አንዲት አሮጊት ጋሪያቸውን አቁመው ጎንበስ አሉላት።

«ምን ሆንሽ ልጄ? ምጥ መጣብሽ እንዴ? ሰው ልጥራልሽ?»

«አይ፣ ደህና ነኝ። እናቴን እየጠበቅኩ ነው።»

«የቷ ናት እናትሽ?»

ዴላኒ ወደ መስታወቱ ጠቆመች። «ያቻትና፣ ኬክ የምትሠራው።»

«ሮንዳ?» አሮጊቷ ተገረሙ። «ገና መምጣቷ ነው፤ ግን ሁልጊዜ እናወራለን። ስለ ልጅ ልጆቼ ሁሉ ነግሬያታለሁ። እሷ ግን ልጅ እንዳላት አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም እኮ!»

ዴላኒ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። እዚህ በወንዙ በዚህኛው በኩል ሃርትዌሎችን የማያውቅ የለም፤ ወሬው እነሱ ጆሮ ገብቶ ልጇን እንዳያሳፍር ብላ እናቷ ልጅ እንደሌላት ሆና ትኖር ነበር። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። ዓይኗን መሬት ላይ ልትተክል፣ እንደለመደችው ልትሸሽ ፈለገች።

አልሸሸችም። ብድግ አለች፤ ድምጿም ከጠበቀችው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ።

«አላት» አለች። «ልጅ አላት። እኔ ነኝ።»

ከመስታወቱ ጀርባ የሮንዳ እጅ ቆመ። ፊቷን ግን አላዞረችም፤ ዱቄት በነካው ክንዷ ዓይኗን ሸፍና ቆየች። ዴላኒም ባለችበት ቆመች፤ እፍረቷ ከነሙሉው እላይዋ ላይ ነው፤ ሰዉም ያያታል፤ እሷ ግን እናቷ ዞራ እስክታያት ድረስ ከዚያ ቦታ ላትነቃነቅ በልቧ ወስናለች።